የአቶ ዘርጋው ድረ ገጽ

አቶ ዘርጋው የሶፋ ፋብሪካ አላቸው፤ ሲቆጡ ጸሐፊያቸው ጠረጴዛ ሥር መግባት ያምራታል። ፎቶውን ራሳቸው እየመረጡ ያሠሩት ድረ ገጽ ዓመት ቢሞላውም፣ በእሱ በኩል አንድ ገዢ እንኳ ድርሽ አላለም። ስለዚህ «አዲስ ባለሙያ እፈልጋለሁ» ብለው ማስታወቂያ አወጡ።

በቀጠሮው ጠዋት ሦስት ሰዎች መጡ። ሦስተኛዋ አፏ የማያርፍላት ሴት ነበረች። በር ላይ ቆማ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ሰማች።

«ድረ ገጼ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ያላመጣልኝ ለምንድን ነው?» አሉ አቶ ዘርጋው።

የመጀመሪያው «ጉድለት ስላለበት ነው» ቢል፣ «እኔ የመረጥኩትን ልትነቅፍ ነው የመጣኸው?» ተብሎ ተባረረ። ሁለተኛው ከዚህ ተምሮ «ኧረ እንከን አይወጣለትም!» ቢል፣ «ታዲያ አንተ ምን ታደርግልኛለህ?» ተብሎ ወጣ።

ሴትዮዋ ገባች።

«እሺ፣ አንቺስ ምን ልትይ ነው?» አሏት ወንበራቸው ላይ ተለጥጠው።

«እኔማ ምን እላለሁ ጋሼ!» አለች። «ድረ ገጽዎ ላይ ፎቶዎን አሥራ ሰባት ቦታ አይቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ገበያ መሃል እንኳ ባገኝዎት አይጠፉኝም። የፋብሪካውን አድራሻ ግን ፈልጌ አጣሁት። ሦስታችንም ግራ ገብቶን ስንዞር እዚህ በር ድረስ ያደረሱን፣ መታጠፊያው ላይ ቆሎ የሚሸጡት እናት ናቸው። ድረ ገጽዎ በዓመት አንድ ሰው አላመጣም፤ እሳቸው በአንድ ጠዋት ሦስት አመጡ። ትክክለኛውን ባለሙያ ከፈለጉ፣ እሳቸውን ይቅጠሩ።»