የፕሮፌሰሩ ምስክር

ለሁሉም ነገር መልስ የማታጣ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ነበረች። ፕሮፌሰር ወርቅአፈራሁ ለዩኒቨርሲቲው የምርጥ መምህርነት ሽልማት ሲታጩ፣ ከተማሪ ወገን ምስክር ያስፈልጋል ተባለና ዕጣው እሷ ላይ ወደቀ። ፕሮፌሰሩ ይህን እንደሰሙ አስጠሯት።

«የመመረቂያ ጽሑፍሽን የማርመው እኔ መሆኔን እንዳትረሺ» አሏት። «ደግሞ እንዳትዋሺ፤ ኮሚቴው ውሸት አይወድም።»

ልጅቷ ጨነቃት። እውነቱን ብትናገር ምረቃዋ ይቀራል፤ ብትዋሽ ደግሞ ምስክርነቱን ለመስማት አዳራሹን የሚሞሉት የክፍል ጓደኞቿ መሳቂያ ያደርጓታል።

በማግስቱ ፕሮፌሰሩ ሙሉ ልብስና ከረቫታቸውን ግጥም አድርገው መጡ። ኮሚቴው እስኪጠይቃት እንኳ አልታገሡም።

«እስቲ ንገሪያቸው! ጥያቄ ይዞ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ሳይገባው የተመለሰ ተማሪ አለ?»

«አንድም የለም፣ ፕሮፌሰር።»

ዋንጫው እጃቸው የገባ ያህል ወደ ኮሚቴው ዞረው ፈገግ አሉ። ሰብሳቢዋ ግን እስክሪብቷቸውን አነሱና «እንዴት ነው የሚያስረዷችሁ?» ብለው ልጅቷን ጠየቋት።

«ቢሯቸው በር ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቃቸዋለን። እሳቸው እስኪመጡ የገባው ላልገባው ሲያስረዳ፣ ጥያቄያችን እዚያው ያልቅና ወደ ዶርማችን እንመለሳለን።»

ሰብሳቢዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ታዲያ ሽልማቱ ይገባቸዋል ትያለሽ?»

«እንዴታ!» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት ሳይታይ። «አንድ ቀን በሰዓቱ ተገኝተው ቢሆን ኖሮ፣ ይሄን ሁሉ ከየት እንማረው ነበር?»