አሜን የማይሉት ሽማግሌ

በአንድ አጥቢያ አንድ እጅግ ያረጁ ሰው ነበሩ። መቶ ዓመት አልፏቸዋል፤ የልጅ ልጃቸው ሳይቀር ሸብቷል። ሰርግ ሲኖር መራቂው እሳቸው ናቸው። ያገሬው ሰው ጉልበታቸውን እየሳመ «የእርስዎን ዕድሜ ይስጠን» ይላል። እሳቸው ግን አሜን አይሉም፤ መሬት መሬት ያያሉ። ሰው «ትሕትናቸው!» ይላል። እኛ መቼም ዝም ያለ ሽማግሌን ጻድቅ ለማድረግ ማን ይቀድመናል!

አንድ ቀን ፈንታነሽ የምትባል ሙሽራ ጉልበታቸውን ሳመች።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሏት።

«የእንየው የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ፣ አባባ። የእርስዎን ዕድሜ ይስጠን።»

«የእኔንስ አይስጥሽ!» አሉ። በሰርጉ ድንኳን ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«የእንየው በሬ ማሳዬን በላብኝ። እንየው ሽማግሌ ይዞ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ይቅር በለኝ ሊል ደጄ መጣ። ‹ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ› ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። የቤቴን በር ዘግቼ ምሳዬን በላሁ። ዝናብ መጣ። እንየው ድንጋዩን እንደተሸከመ ተመለሰ፤ በዚያው ክረምት ሞተ። እኔ ይኸው አልሞት አልኩ። እናንተ ዕድሜዬን ሽልማት ትሉታላችሁ። እግዜር ንስሐ ግባ እያለ ሲጠብቀኝ ነው እንጂ! ለነፍስ አባቴ እንኳ መናገር አፈርኩ።»

ይህን ብለው ተነሡ። የድንኳኑን ገመድ የያዘውን ድንጋይ በትከሻቸው ሊሸከሙ ጎንበስ አሉ። ፈንታነሽ ቀድማ እጃቸውን ያዘች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር፣ አባባ። ይተዉት።»

ገና አላነሡትም ነበር እኮ! ሽማግሌው በጋቢያቸው ተሸፍነው አለቀሱ። እሷ ባንድ ትንፋሽ ያለችው ቃል ከእሳቸው አፍ ዕድሜ ልካቸውን አልወጣም ነበር። ከዚህ በላይ ምን ያሳፍራል?

ምእመናን፣ እኛስ? ጠዋት ማታ «ዕድሜ ለንስሐ ስጠን» እንላለን። ይኸው ሰጠን። ምን ሠራንበት? እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁ፣ ሽበታችሁን አይተን «መርቁን» የምንላችሁ፣ ደጃችሁ ላይ ድንጋይ የተሸከመ የለም? ወንድም የለም? ምራት የለችም? በሩን ዘግታችሁ ምሳ እየበላችሁ አይደለም?

እንየው ሞቷል። የእናንተው ግን ገና ቆሟል፤ ትከሻው ዝሏል፤ ደመናውም ከብዷል። ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ሳትገቡ ሂዱና «አውርድ» በሉት።

አምላካችን የማናፍርበትን ዕድሜ ይስጠን። አሜን ከማለታችሁ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ አስቡበት።