በእሁድ እግር የተለካ መንገድ

አንድ ወታደር ሐኪም ነበር፤ ስሙ ይሄይስ። ትምህርቱን ሊጨርስ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው፣ በጦር ሆስፒታል ኢንተርን ሆኖ የሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ግን በእግሩ የሚመካ ሰው ነበር። በማሠልጠኛ ሳለ የሠላሳ ኪሎ ሜትሩን ጉዞ ከሁሉ ቀድሞ ጨርሶ፣ ልብሱን አጥቦ፣ አድርቆ፣ መልሶ ለብሶ ጓደኞቹን በር ላይ ቆሞ ተቀብሏቸዋል ይባላል። ካልሲው ብቻ ትንሽ እርጥበት ነበረው የሚሉም አሉ።

በዚያ ዓመት የኢንተርኖቹ ማደሪያ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። ማፍሰስ ሲባል ጠብ ጠብ አይደለም፤ ሰዎቹ ሳሙናና ፎጣ ይዘው አልጋቸው ላይ ይታጠቡ ነበር። አስተዳደሩ ማደሪያውን ለጥገና ዘጋና ለእያንዳንዳቸው በወር አምስት ሺህ ብር የቤት አበል ሰጥቶ ውጭ ተከራዩ አላቸው።

ይሄይስ ሁለት ቤት አየ። አንደኛው ከሆስፒታሉ አጥር ጀርባ፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ ያለ፣ ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ክፍል ነው። አልጋ ከገባ ሰው አይገባም፤ ሰው ከገባ አልጋው መውጣት አለበት። ወፍጮው ሲነሣ ብርጭቆ ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ በራሱ ይሄዳል። ኪራዩ አምስት ሺህ፤ አበሉን እንዳለ ይውጠዋል። ሁለተኛው ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ማዶ ነው። ሰፊ ነው፤ ሁለት መስኮት አለው፤ ጓሮው ጎመን ተተክሎበታል። ኪራዩ ሁለት ሺህ ብቻ። ከመራቁ የተነሣ ግን እዚያ የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ ሆስፒታሉ ውስጥ ምሳ ይታደላል።

ይሄይስ ስስታም ሆኖ አይደለም ርካሹን የፈለገው። ገጠር ያሉት እናቱ ጥርሳቸው አልቆ ነበር። ሰው አጠገባቸው ቆሎ ሲቆረጥም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። የላይኛውንም የታችኛውንም ጥርስ ለማሠራት ሠላሳ ሺህ ብር ይበቃል ተብሏል። ከአበሉ በወር ሦስት ሺህ ቢተርፍ በአሥር ወር እናቱ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

መንገዱን ሳይለካ ግን አልወሰነም፤ ወታደር ነውና። እሁድ ጠዋት፣ አሥር ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ተነሣ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ፍርፍር ብቻውን በላ፤ ከዚያ ወደ ወንዙ ማዶ ወጥቶ ከቤቱ ደጃፍ ጀምሮ ሰዓት ያዘ። ሆስፒታሉ በር የደረሰው በሃምሳ ደቂቃ ነው። አላላበውም። መንገድ ላይ ሁለት ብስክሌት ቀድሟል፤ አንደኛው ባለ ብስክሌት ተናዶ ብስክሌቱን ሸጠ ይባላል። ይሄይስም ከደብተሩ ወረቀት ገነጠለና በጥሩ ጽሕፈት አሰፈረ፦ ኪራይ ሁለት ሺህ፣ ትራንስፖርት ዜሮ፣ ጥርስ ሦስት ሺህ።

ወረቀቱን ለሃምሳ አለቃ ጉልማ አሳያቸው። ሃምሳ አለቃ የሆስፒታሉ የቃሬዛ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ጡረታ ሁለት ጊዜ ሊወስዳቸው መጥቶ ሁለት ጊዜም ሥራ አለኝ ብለው መልሰውታል። ወረቀቱን አራቁ፣ አቀረቡ፣ ከዚያ ዜሮዋ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይህን መንገድ ማን ለካው?»

«እኔው ነኛ፣ ሃምሳ አለቃ። በእሁድ ዕረፍቴ፣ አሥር ሰዓት ተኝቼ፣ ፍርፍሬን በልቼ።»

«የትኛው አንተ?»

ይሄይስ እርጅና ነው ብሎ በልቡ ሳቀ። የዚያኑ ዕለት የሦስት ወር ኪራይ ቅድሚያ ከፍሎ ቁልፉን ተቀበለ።

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመደበና ነገር ተለወጠ። እዚያ ተረኛ የሆነ ኢንተርን ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሳይቀመጥ ይሠራል፤ ቁስል ያጥባል፣ ደም ይቀዳል፣ ይሰፋል፣ ይጽፋል። ይሄይስ የመጀመሪያውን ተራውን ጨርሶ ወደ ወንዙ ማዶ ሲሄድ ሦስት የመብራት ምሰሶዎችን እንደ አለቃ ቆጥሮ በየተራ ሰላምታ ሰጣቸው። አራተኛው ምሰሶ ሰላምታውን እስኪመልስለት ቆሞ ጠበቀው። ቤቱ የደረሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፤ ጫማውን ሳያወልቅ ወደቀ። በማግስቱ እግሩ አብጦ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ሃምሳ ደቂቃው መቶ ደቂቃ ሆነበት። ዘገየ።

የክፍሉ አለቃ ሴት ኮሎኔል ናቸው። የግድግዳው ሰዓት እርሳቸው ሲገቡ አይቶ ራሱን ያስተካክላል ይባላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የሌሊቱ ተረኛ በሽተኞቹን ለቀኑ ያስረክባል፤ በዚያች ደቂቃ ያልተገኘ ዘግይቷል። ኮሎኔሏ የይሄይስን ስም በትንሽ ማስታወሻቸው ጻፉና ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፉ።

እግሩ እንቢ ሲለው ወደ ታክሲ ዞረ። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ ጭራው ላይ ተላጭቶ የቆመ ሰው ጢም አብቅሎ ይሳፈራል። ሁለት ታክሲ መቀያየር ነበረበት፤ በሄደ በተመለሰ ቁጥር ከእናቱ አፍ አንድ ጥርስ የሚነቀል ይመስለው ነበር። አንድ ጠዋት መቀመጫ አገኘና እንቅልፍ ጣለው። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ ከዳር ዳር አራት ጊዜ አመላለሰው። የለበሰው የጦር ሠራዊት ልብስ ስለሆነ ሊቀሰቅሰው የደፈረ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዲት ሴት ፀሐይ እንዳይመታው መጋረጃውን ጎተቱለት።

ኮሎኔሏ በዚያ ቀን አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ሦስተኛ ጊዜ ከዘገየህ የቀዶ ሕክምናውን ሁለት ወር ከመጀመሪያው ትደግማለህ» አሉት። «ጓደኞችህ ማዕረግ ለብሰው ሲወጡ አንተ በር ላይ ቆመህ ሰላምታ ትሰጣቸዋለህ።»

ከዚያ ወዲህ ይሄይስ ዕረፍት የሚባል ነገር አጣ። ሦስት ማንቂያ ሞላ፤ ሦስቱም ከመጮሃቸው በፊት እየነቃ ይጠብቃቸው ነበር። ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ጫማውን እንዳሰረ ይተኛል። ምግብ ሲበላ ሰዓት ያያል፤ ሰዓት ሲያይ መብላቱን ይረሳል። ዝናብ የሚጥልበትን፣ ወንዙ የሚሞላበትን፣ ታክሲ የሚጠፋበትን ቀን እያሰበ ሲገላበጥ አልጋው በአንድ ወር ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ተጉዟል። አንድ ቀን በሽተኛ ሲሰፋ እጁ ተንቀጠቀጠ። አጠገቡ የቆመችው ነርስ አይታ መርፌውን ተቀበለችው። ይህ ከሁለቱም መዘግየት ይልቅ አሳፈረው።

በዚህ መሃል የቃሬዛ ልምምድ ቀን ደረሰ። በየሦስት ወሩ የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ቁስለኛ ተሸክሞ እስከ ድንገተኛ ክፍል በር ይሮጣል። ቁስለኛ ሆነው የሚተኙት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ሰውየው ቃሬዛ ላይ ሲወጡ ሸራው መሬቱን ሊስም ጥቂት ይቀረዋል። ሃምሳ አለቃ ጉልማ ሆን ብለው ይሄይስን ከፊት፣ ብሥራት የሚባለውን ኢንተርን ከኋላ አደረጉ። ብሥራት ቁመቱ አጭር ነው፤ ያን ጠዋት ደግሞ ከሠላሳ ስድስት ሰዓት ተራ መውጣቱ ስለነበር በቆመበት አንድ ዓይኑ ተኝቷል።

ይሄይስ የድሮው እግሩ ትዝ አለው። ያን ቀን እንደ አጋጣሚ ዕረፍት ነበረውና ፉጨቱ እንደተሰማ ተፈተለከ። ብሥራት ከኋላ አምስት እርምጃ ሮጠ፣ አምስት እርምጃ ተጎተተ፣ ከዚያ እጁ ከዳው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ተንከባለው አበባ መደቡ ውስጥ አረፉ። እስካሁን ለልምምድ ነበር የቆሰልኩት፣ አሁን ግን የምሬን ነው እያሉ በክርናቸው ሲነሡ ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ኮሎኔሏ እንኳ ማስታወሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሃምሳ አለቃ አልሳቁም። ሌላው ሲበተን ይሄይስን ባዶው ቃሬዛ ላይ አስቀመጡት።

«ቃሬዛ በማን ፍጥነት ነው የሚሄደው?»

«በደከመው ሰው» አለ ይሄይስ፤ ይህን በማሠልጠኛ ማንም ይማረዋል።

«ለምን በጠንካራው አይሆንም?»

«ቁስለኛው ይወድቃላ።»

«ታዲያ ቤት ስትከራይ ከፊት ማንን አቆምክ? አሥር ሰዓት የተኛውን፣ ፍርፍር የጠገበውን የእሁዱን ይሄይስ። ከኋላ የያዘው ግን ከተራ የወጣው ይሄይስ ነው። እሱን ማን ጠየቀው?»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ።

«ቃሬዛው ላይ የተኛውስ ማን ነው፣ ልጄ? ነገ በመርፌህ ሥር የሚተኛው ሰው ነው።»

ይሄይስ ያን ጊዜ የነርሷ እጅ ትዝ አለው። ቅዳሜ ማታ ከተራ ሲወጣ ወደ ወንዙ ማዶ በእግሩ ሄደ፤ ሰዓት ይዞ። አልሮጠም፤ ሰውነቱ በፈቀደው ልክ ተራመደ። ሲደክመው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ምሰሶ ሲያይም ሰላምታ ሰጠ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት። ያን አሮጌ ወረቀት አወጣና ዜሮዋን ሰረዘ። በቦታዋ የጻፈው ብር አልነበረም፤ «እንቅልፍ» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ብሥራትን ይዞ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ሄደ። ክፍሉ አሁንም ባዶ ነበር፤ ወፍጮውን የሰማ ሰው ሁሉ እየሸሸ። እትዬ ዘነቡ ሁለቱን ከእግር እስከ ራስ አይተው፣ ክፍሉ አንድ አልጋ ብቻ እንደሚችል፣ ሁለተኛው ሰው ጣሪያ ላይ ካልተሰቀለ ቦታ እንደሌለው ነገሯቸው። ይሄይስ ግን የተራቸውን ሰሌዳ አሳያቸው፤ ብሥራት ተረኛ ሆኖ ሆስፒታል ሲያድር እሱ ይተኛል፣ እሱ ሲያድር ብሥራት ይተኛል። ሁለቱም ነጻ የሚሆኑበት ቀን በወር ሦስት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ዕጣ ይጥላሉ፣ የተሸነፈው ጠረጴዛው ሥር ይተኛል። እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ አምስት መቶ ከፈሉ። የወንዙ ማዶ ቅድሚያ ክፍያ ቀለጠ፤ ጎመኑን የበላው ሌላ ሰው ነው። አልጋው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሰዓት እንኳ ቀዝቅዞ አያውቅም ይባላል።

ፈተናው ብዙም አልዘገየም። ሠላሳ ስድስት ሰዓት ሠርቶ በወጣ በማግስቱ ወፍጮው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ፤ ይሄይስ አልሰማም። ትራሱ በንዝረቱ ከራሱ ሥር ወጥቶ ሄደ፤ አልሰማም። ከእንቅልፉ ያነቃው ከጠረጴዛው ጫፍ ወድቆ የተሰበረው ብርጭቆ ነበር። ሰዓቱን ሲያይ ሩብ ሰዓት ቀርቶታል። ሊሮጥ ተነሣ፤ እግሩ አብጦ ጫማው አልገባ አለው፤ ክሩን ሳያስር አጠለቀው። በሩ ላይ ግን ቆም አለና አሰበ፤ ይህ መንገድ የተለካው እንደዚህ ላለው ሰው ነው። ሳይሮጥ፣ እያነከሰ ሄደ። ክፍሉ ሲደርስ አራት ደቂቃ ተርፎት ነበር። ጫማውን አሰረ፣ እጁን ታጠበ፣ ፀጉሩን አበጠረ። ኮሎኔሏ ሲገቡ መጀመሪያ እሱን አዩ፣ ከዚያ የግድግዳውን ሰዓት፣ ከዚያ ማስታወሻቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። የዚያን ቀን የአንድ ወታደር ክንድ ሲሰፋ ነርሷ መርፌውን አልጠየቀችውም።

በዓመቱ መጨረሻ ይሄይስ ከጓደኞቹ ጋር ማዕረጉን ለበሰ። ገንዘቡ ግን ለሠላሳ ሺህ አልሞላም፤ ከታክሲና ከቀለጠው ኪራይ የተረፈው የላይኛውን ጥርስ ብቻ አሠራ። እናቱ መስተዋት ይዘው ረጅም ሰዓት ሳቁ። ቆሎውስ ቢሏቸው፣ ግማሽ መንገድ ደርሻለሁ፣ የታችኛው ጥርስ ሲመጣ ከቆሎው ጋር እገናኛለሁ አሉ።

ሰው ቤት ሲከራይ፣ ሥራ ሲቀበል፣ ቃል ሲገባ መንገዱን የሚለካው በጥሩ ቀኑ ነው፤ ጠግቦ፣ ተኝቶ፣ ፀሐይ ወጥቶለት። መንገዱን የሚሄድበት ግን ደክሞ፣ ርቦት፣ ጭቃው ይዞት ነው። በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ሂሳቡን የሚጠይቀው ከእንቅልፋችንና ከእጃችን ጽናት ነው። ስለዚህ ዕቅድህን ለጠንካራው አንተ አታውጣ፤ እሱ ያለ ዕቅድም ይደርሳል። ዕቅድ የሚያስፈልገው ያ የሚያነክሰው ነው።

አንተስ፣ አንቺስ፣ አሁን የያዛችሁትን መንገድ የለካው የትኛው እናንተ ነው? የእሁዱ ከሆነ፣ ከኋላ ቃሬዛውን የያዘውን ዘወር ብላችሁ እዩት።