አያ ጅቦ ከሽመላ ጋር የተጫወተ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ሐይቁ ሞልቶ ሳለ፣ ከባሕር ማዶ አንድ ሽመላ መጣ። ጉሮሮው ዜማ አያወጣም፤ ሙዚቃውን የሚጫወተው በመንቁሩ ነበር። ቀጭ ቀጭ ያደርግና ዝም ይላል፤ ደግሞ ቀጭ። የዚህ አገር ልጅ የሆነችው እመት አህያ በኮቴዋ መሬቱን ዱብ፣ ዱብ እያደረገች ትመልስለታለች። ያጠኑት ነገር የለም፤ አንዱ ያሰማውን ሌላው አዳምጦ የመጣለትን ይጨምርበታል።

አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ይህን ሲሰማ ቀና። ድምፁ ትልቅ ነው፤ ግን እስከዚያች ቀን ሰምቶት የቆየለት ፍጡር አልነበረም። አፉን ሲከፍት አገር ይሸሻል፤ ይህም ከልቡ ያሳዝነው ነበር። «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል፤ ለአያ ጅቦ ግን የማያውቀው እንግዳ ራሱ ደጁ ድረስ መጥቶለታል። ስለዚህም፣ ነገር አዋቂዋ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«አስገቢኝ» አላት። «ሳይጠና የሚዘፈን ከሆነ ለእኔ የተፈጠረ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን አንድ ነገር አጥንቼ አላውቅም።»

ቀበሮም ምላሷን አሹላ አግባባችለት። እመት አህያ «እኔ ግን እዚያ ማዶ ቆሜ ነው የምጫወተው» አለች፤ እንደዚያው ሆነ።

ሽመላው ቀጭ ቀጭ አደረገና ዝም አለ። ለአያ ጅቦ ዝምታው ሌላው ጠግቦ የተወው ሥጋ መሰለው። «አውውው» ብሎ ዋጠው። እመት አህያ ዱብ አድርጋ ፋታ ስትወስድ ያንንም ዋጠባት።

ሽመላው አንገቱን አዞረ። «ወንድሜ፣ ዝም ስል ጨረስኩ ማለቴ አይደለም። እሱም ጨዋታዬ ነው፤ በላህብኝ።»

«የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል» አለች እመት አህያ ከማዶ። «እኔ እዚህ የመጣሁት ነፍሴን ይዤ ነው። ነገ በአያ አንበሶ ፊት ስንጫወት እንዲህ ብታደርግ ሁለተኛ አታየኝም።»

አያ ጅቦ አፈረ። «እኔን ብሎ ዘፋኝ» አለ ለብቻው። «ሥጋው አልበቃኝ ብሎ ዝምታ መብላት ጀመርኩ።»

ቀበሮ ጠጋ ብላ «አፍህ ውስጥ አጥንት ያዝ፤ አጥንት የያዘ አፍ አይጮኽም» አለችው። ያሰበችው እሱ ተለጉሞ ሲቆም በቦታው ገብታ ልትዘፍን ነበር። አያ ጅቦ ምክር መስሎት አመሰገናት።

በማግስቱ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንስሳቱ በአያ አንበሶ ፊት ተሰበሰቡ። አያ ጅቦ አጥንቱን ይዞ ቆመ። አፉ ስለተያዘ ሥራ የቀረው ለጆሮው ብቻ ነው። ቀጭ ሲል ሰማ፤ ዱብ ሲል ሰማ። ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ በዝምታውም ውስጥ ነፋሱ ከሐይቁ ዳር ደንገል ጋር ሲንሾካሾክ ሰማ። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም ነበር። ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠርጋ ልትጀምር ስትል፣ እሱ ከደስታው ብዛት አፉ ውስጥ ያለውን ረሳና ነከሰው። ቀርጠፍ።

ሽመላው ዘወር ብሎ አየውና ቀጭ ብሎ መለሰለት። እመት አህያ ዱብ አደረገች። አያ ጅቦ ምራቁ እየተንጠባጠበ ተራው እስኪደርሰው ጠበቀ፤ ሲደርሰው ቀርጠፍ አደረገ። ማንም አልሸሸም። እመት አህያም ሳይታወቃት ከማዶ ወደ መሐል መጥታ ነበር። ቀበሮ የጠረገችውን ጉሮሮ ይዛ ቀረች።

«ድገሙት» አለ አያ አንበሶ።

አያ ጅቦ መሬት መሬት አየ። «ጌታዬ፣ አይሆንም።»

«ለምን?»

«መሣሪያዬን በላሁት።»

እንስሳቱ በሳቅ ፈነዱ፤ አያ ጅቦም በራሱ ሳቀ። ሳቁ የሚያስፈራ ስለሆነ እመት አህያ ፈቀቅ አለች፤ ግን አልሄደችም።

«ነገም እንጫወታለን» አለችው። «ብቻ አያ ጅቦ፣ እባክህ በልተህ ና።»

ከዚህ የምንማረው፣ ከእንግዳ ጋር አብሮ ለመጫወት የፈለገ ሁሉ ሌላው ዝም ባለ ቁጥር ቦታው ተለቀቀልኝ ብሎ ከመዝለሉ በፊት ጆሮውን ማቅረብ እንዳለበት ነው።