ከድልድዩ ሥር የተገኘው እንጨት

ነገር ፈልፋይ ሰው ባየን ቁጥር የምንጠቅሳት አንዲት አባባል አለች። አገር ሁሉ ያውቃታል፤ ልጅ እንኳ ይተርታታል። ሊቃውንቱ «ከጥንት ከአባቶቻችን የመጣች ናት» ይላሉ። ይበሉ፤ አልከራከራቸውም። እኛ የድልድይ ሰፈር ሰዎች ግን እንደ ሌላው እየሳቅን አንተርታትም። ለእኛ ሰው አላት፣ ቤት አላት፣ መቃብርም አላት። ስለዚህ ወደ ሰፈራችን መጥቶ በዋዛ የጠቀሳት እንግዳ ሁሉ ተቀምጦ ታሪኳን ሳይሰማ አይሄድም። እናንተም ተቀመጡ።

በረድ ውሃ ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ከተራራው ሲወርድ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ ይዞ ይመጣል። ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ በጠጅ ቤቶቹ ጓሮ ተሹለክልኮ፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት በድንጋዩ ድልድይ ሥር ያልፋል። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ ብቻ ፈረንጆች ከባሕር ማዶ ነጠብጣብ ዓሣ አምጥተው ወንዙ ውስጥ ለቀቁ። ትራውት ይሉታል። ብርዱ ተስማማውና ተራባ። ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ተነገረ፤ ዓሣው ፈቃድ ይዘው በመንጠቆ ለሚያጠምዱ እንግዶችና ለሹማምንት ማዕድ ነው፣ ያለ ፈቃድ የነካ ስድስት ወር ይታሰራል ተባለ። የከተማው ሰውም በገዛ ወንዙ ዳር ቆሞ የእንግዳ ዓሣ ሲዋኝ ማየት ሆነ ዕጣው።

ለዓሣው ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረው ባሻ ይልቃል ነበር። ባሻ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። የሰው አይነካም፣ የሰው አይመኝም። ነገር ግን ቅንነቱን ሰው እንዲያይለት ይወድ ነበር፤ እንደ ካኪ ኮቱ ለብሷት ነው የሚዞረው። ጠዋትና ማታ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወንዙን ተከትሎ ይመላለሳል። እኩለ ቀን ላይ ቤቱ ገብቶ ምሳውን ይበላና ጥቂት ያሸልባል። ምሳው ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደተሠራ ግን አይጠይቅም። አንድም ቀን ማጀት ገብቶ አያውቅም ነበር። እንደ ዘመኑ ወንድ ሁሉ ማለት ነው።

ሚስቱ አጸደ ትባላለች። ከወለዱት ሁሉ የተረፈችላቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ ትርንጎ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ። በዚያ ዓመት ትርንጎን ሳል ያዛትና ከአልጋ አዋላት። እናትየዋ ሐኪም ቤት ብትወስዳት ሐኪሙ፣ «መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ካልሆነም ዓሣ ትብላ። ሰውነቷ ካልጠነከረ ክረምቱን አትዘልቀውም» አላት። ላሚቱ ነጥፋለች። ዶሮዎቹ አንድ ባንድ አለቁ።

«ባሻ» አለችው አጸደ አንድ ቀን ምሳውን እያቀረበች፣ «አንዲት ዓሣ ብቻ ያምጡልኝ።»

«የማንን ዓሣ?»

«የወንዙን ነዋ።»

«ወንዙ ዓሣ የለውም። ዓሣው የመንግሥት ነው። ዘበኛው ከሰረቀ ሌባው ምን ሊሠራ ነው?»

«እንግዲያው ሹሙን ይለምኗቸው። እምቢ አይሉዎትም።»

«ይልቃል ለሆዱ ለመነ ሊባልብኝ?»

«ለሆድዎ አይደለም» አለች ቀስ ብላ፣ «ለልጅዎ ነው።»

ባሻ እጁን ታጥቦ ጋደም አለ፣ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰደው።

አጸደ ሲያንኮራፋ ጥቂት ቆማ አየችው። ከዚያ የታጠበውንም ያልታጠበውንም ልብስ ቅርጫቷ ውስጥ ጠቀጠቀችና አንድ ረጅም እንጨት ይዛ ወደ ድልድዩ ወረደች። ያ ዓሣ ቀን ቀን ከድንጋዩ ሥር ከጉድጓድ ገብቶ ይደበቃል። እሷ ቅርጫቷን ባዶ አድርጋ ከጉድጓዱ አፍ ትደቅናለች፤ በጎን ካለው ቀዳዳ እንጨቱን አስገብታ ትጎረጉራለች፤ ዓሣው ደንግጦ ሲወጣ ቅርጫቱ ውስጥ ይገባል። በእርጥብ ሸሚዝ ጠቅልላ፣ ልብሷን ከላይ ጭና፣ ባሻ ሳይነቃ ቤቷ ናት። ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን በሆነ ቁጥር እንዲሁ ታደርጋለች፤ ከአንድ በላይ ግን አትወስድም። ቀቅላ ሥጋውን ለትርንጎ ታጎርሳታለች፣ መረቁን ትግታታለች።

ልብስ አጣቢዎቹ ሁሉ ያዩ ነበር፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ትርንጎ ፊቷ ወዛ፤ ግንቦት ሲያልቅ ደጅ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ጀመረች። ባሻም ለጎረቤቱ «እግዜር ማረልኝ» ብሎ አወራ። በእርግጥ ደስ ብሎት ነበር፤ ልጁን ይወዳታል።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ ባሻ ከወትሮው ቀድሞ ነቃና ፊሽካውን እየነፋ ወደ ድልድዩ ወረደ። አጸደ ድምፁን ስትሰማ ቅርጫቷን አንሥታ ከአጣቢዎቹ መሐል ገባች፤ እንጨቱ ግን ጉድጓዱ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። ባሻ ጎትቶ አወጣው። የክንድ ተኩል እንጨት ነው። ጫፉ ጠፍጠፍ ብሎ ጠቁሯል፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል።

«የሌባ ጦር!» አለ ባሻ።

እንጨቱን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያውን ዞረበት። ጠጅ ቤት የተቀመጡት ወንዶች፣ «ባሻ፣ አንተ ስታንኮራፋ ዓሣው ወጥ ሆነ እኮ!» እያሉ ሳቁበት። ሴቶቹ ግን እንጨቱን ሲያዩ መሬት መሬት አዩ። እሱ ይህን እንደ እፍረት ቆጠረው። ሳቁ ነው ያንገበገበው። ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ቢያመለክት ሹሙ እንኳ «ዓሣው ሞልቷል፣ አንድ ሁለት ቢጎድል ምን አለበት» ብሎ አሰናበተው። ባሻ ግን በዚህ የሚመለስ ሰው አልሆነም። ወደ አጥቢያው ዳኛ ወደ ግራዝማች ሳህሉ ሄዶ አውጫጭኝ ይደረግልኝ አለ።

አውጫጭኝ ማለት የሰፈሩ ሰው ሜዳ ወጥቶ፣ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ቤቱ ላይመለስ፣ እያንዳንዱ በተራ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ቀርቦ የሚያውቀውን በጆሯቸው ሹክ የሚልበት ሥርዓት ነው። የተናጋሪው ስም እንዳይወጣ «ወፍ ነገረችን» ይባላል። የፈረስ ወይም የበሬ ሌባ ሲጠፋ ነው እንዲህ የሚደረገው፤ ለዓሣ ተደርጎ አያውቅም።

«ስንት ዓሣ ጠፋ?» ሲሉ ግራዝማች ጠየቁት።

«ቁጥሩን አላውቅም።»

«በሥራህ ማን ወቀሰህ?»

«ማንም። ግን ሰው ሳቀብኝ።»

«ሳቅ ይበርዳል ልጄ። አውጫጭኝ ግን አንዴ ከተጀመረ ያለ ስም አያበቃም። ተወው።»

«አልተወውም። ደግሞም ከወንዙ ዳር የምትውለው ሴቷ ስለሆነች ሴቱም ይውጣ።»

«የታመመ ያለበት ቤትስ?»

«የታመመ እኔም ቤት አለ። ሚስቴም ትወጣለች። ለሰው ያልኩትን ለቤቴ አላጎድልም።»

ሰዉ ከብት ገበያው ሜዳ ላይ ወጣ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር፤ ከሰዓት ዝናቡን ለቀቀው። ትርንጎ ዓይነ ስውር ከሆኑ አንዲት ጎረቤት አሮጊት ጋር ቀረች፤ እሳት የሚያነድላቸውም ሰው አልነበረም። አጸደ ሁለት ጊዜ ሄዳ ባሏን «ልጅቷን አንድ ጊዜ አይቻት ልምጣ» አለችው። ሁለቱንም ጊዜ «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ መለሳት። እንጨቱን መሐል ሜዳ ላይ ተክሎት ነበር፤ ሴቶቹ ወደ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ በአጠገቡ ነው የሚያልፉት። እያንዳንዷ ጎንበስ ብላ «ወፍም አላየች» እያለች ተመለሰች። አንድ ቀን አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ያልታለቡ ላሞች በየበረቱ ጮኹ፣ ሕፃናት በየእናታቸው ጀርባ አለቀሱ፣ ዝናቡም አላባራም።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አጣቢ የታቀፈችው ሕፃን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ብታይ አልቻለችም። ግራዝማች ጆሮ ላይ ሁለት ቃል ተናገረችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተመለሰች። ግራዝማች ባሻን ለብቻው ጠሩት።

«ልጄ፣ ‹አልተገኘም› ብለን ሰዉን እንበትነው። እኔ በሽበቴ እዋሻለሁ።»

«ተገኝቷል ማለት ነው!» አለ ባሻ። ፊቱ በራ።

«እባክህ ተወው። ለኔ ስትል።»

«ስሙን ይናገሩ ግራዝማች! በሕዝብ ፊት ይናገሩ!»

ይህን ሲል ጮኾ ነበርና ሜዳው ሁሉ ሰማው። ግራዝማች ተነሡ፤ ስሙን ሳይጠሩ ግን መልሰው ተቀመጡ። ያኔ ከሴቶቹ መሐል አጸደ ተነሣች።

«ግራዝማች አይጨነቁ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ባሻ፣ ይህ ሰፈር ለሰፈር ያዞሩት እንጨት ማማሰያዬ ነው። በሠርጋችን ቀን ወጡ የተማሰለው በእሱ ነው። ቀዩን ክር እናቴ ናት ያሰረችው። አሥራ አራት ዓመት በእሱ ሠርቼ አብልቼዎታለሁ። አላወቁትም?»

ከጠጅ ቤት የመጡት ወንዶች እንኳ አልሳቁም። ባሻ እንጨቱን አየው፣ ሚስቱን አያት፣ ሕዝቡን አየ። ግራዝማች «ክስህን አንሣ፤ አሁን ይቻላል» አሉት በለሆሳስ። እኔ ይህን ታሪክ ባወራሁ ቁጥር እዚህ ላይ ስደርስ እንዲያነሣ እመኛለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ተመኝቻለሁ። ባሻ ግን የሕዝቡን ዓይን ፈራ።

«ለሰው ያልኩትን… ለቤቴ አላጎድልም» አለ።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ ቤት የሚሄዱት በቁራኛ ነበር፤ የአንዱ ልብስ ጫፍ ከሌላው ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጠርና እንዳይለያዩ ሆነው ይሄዳሉ። ሌላው አገር ትቶት ሊሆን ይችላል፣ እኛ ዘንድ ግን ገና አልቀረም ነበር። የአጸደ ነጠላ ከባሻ ጋቢ ጋር ተቋጠረ። ባልና ሚስቱ በዝናብ ውስጥ ጎን ለጎን ሆነው ያንን ድልድይ ተሻገሩ። ቤታቸው በመንገዱ ላይ ነበር። ሲያልፉ ከውስጥ ሳል ተሰማ። አጸደ ቆመች፤ እሱም ቋጠሮው ይዞት ቆመ። ከዚያ አብሯቸው የሚሄደው ፖሊስ «እንሂድ» አለ።

ስድስት ወር ተፈረደባት። ባሻ ፍርዱን ሰምቶ ሮጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ከዚያም ወንዝ ወረደ። አዎ፣ ወረደ፤ ፊሽካውን ጥሎ፣ እንጨቱን ይዞ፣ በቀን ብርሃን፣ ሰው እያየው። ግን ወንዙ በዝናቡ ሞልቶ ደፍርሷል፤ ጉድጓዱም የት እንዳለ አይታይም። ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ እስኪመሽ ጎረጎረ። አንዲት ዓሣ አላገኘም። ሹሙን ለመለመን ሲሄድም ሹሙ ለስብሰባ ወጥተዋል ተባለ። የሦስቱ ቀን ብርድ ግን ትርንጎን አልለቀቃትም።

በሐምሌ ቀበርናት። እናቷ በፖሊስ ታጅባ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች፤ ወደ ባሏ አንድ ጊዜም አልዞረችም። ስድስት ወሯን ጨርሳ ስትፈታም ወደ ወላጆቿ አገር ሄደች እንጂ ወደ ድልድይ ሰፈር አልተመለሰችም።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን የልቅሶው ድንኳን ሲፈርስ ባሻ ግራዝማች ሳህሉ እግር ሥር መጥቶ ተቀመጠ። እንጨቱ ጭኑ ላይ ነበር፤ ቀዩን ክር በአውራ ጣቱ ያሻሸው ጀመር።

«ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እኔ ብቻ ነበርኩ ያላወቅኩት። ምነው ግራዝማች፣ እርስዎ እንኳ አፌን ቢይዙኝ? ሌባ ነበር እኮ የፈለግኩት፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም።»

ግራዝማች እንጨቱን ከጭኑ ላይ አነሡና ወደ ጎን አኖሩት፤ እጃቸውንም ትከሻው ላይ አሳረፉ።

«ሦስቴ ተው ብዬህ ነበር ልጄ» አሉት፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።»