የከንቲባው ጉርሻ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ባለጸጋ የልጃቸውን ሠርግ ዋሻ ውስጥ ደገሱ። አዳራሽማ ማንም ይደግሳል፤ እሳቸው ደግሞ ማንም አይደሉም። ከጥቂት ሻማ በቀር መብራት የሚባል እንዳይገባ ከለከሉ።

ፎቶ አንሺው፣ "ጋሼ፣ ያለ ፍላሽ ምንም አይወጣም" ቢላቸው፣ "ፍላሽ የተራ ሰው ሠርግ ያስመስላል። አንተ ብቻ ከንቲባውን ሳጎርስ እንዳያመልጥህ፤ አጠገባቸው ተጠግተህ ጠብቅ" አሉት።

ሠርገኛው በዳበሳ በላ። አንድ ሽማግሌ እንዲያውም ቋጥኙን ሙሽራው መስሏቸው ስመው መረቁት።

በመልሱ ቀን ፎቶው ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው። አቶ ደምመላሽ ፎቶ አንሺውን እንግዳው ሁሉ ፊት አቆሙት። ከንቲባውም እዚያው ነበሩ፤ ከሠርጉ ወዲህ ግን ምክንያቱን ሳይናገሩ አኩርፈዋል።

"ሌላው ይቅር" አሉ አቶ ደምመላሽ፤ "በገዛ እጄ ጠቅልዬ ከንቲባውን ያጎረስኩበት ፎቶ የት አለ? እሱን ካላሳየኸኝ ካሜራህን ትተህ ነው የምትወጣው።"

ፎቶ አንሺው ከንቲባውን አየት አደረገና አንገቱን ደፋ።

"ጋሼ፣ እሱን እንኳ ማንሳት አልቻልኩም። እንዳዘዙኝ ከከንቲባው አጠገብ ተጠግቼ ስጠብቅ፣ እጅዎ በጨለማው መጥቶ እኔን አጎረሰኝ። ክትፎው ግሩም ነበር። 'እኔ ነኝ' እንዳልልዎ አፌ ሞልቷል፤ ዋጥ አድርጌ ልናገር ስል ደግሞ፣ 'ክቡር ከንቲባ፣ አንድ ብቻማ አይሆንም' ብለው ደገሙልኝ።"