በጥር የለመለመው ጌሾ

ይህችን ባለ አንድ መስመር ተረት ዛሬ ወንዶቹ በየሽምግልናው ሲተርቷት ከአባታቸው የወረሷት ያስመስላሉ። የማን አፍ እንደወለዳት የሚጠይቅ የለም። ከሁለት ሴቶች ጠብ፣ ከአንዲት ጓዳ ጥግ ነው የወጣችው ቢባሉ፣ «አሮጊት ደግሞ ምን ታውቃለች» ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰውም ጆሮ አለው። ነገሩ እንዲህ ነበር።

ደብረ ሲና፣ ከዳገቱ ሥር፣ አንጓች የምትባል ጠላ ጠማቂ ነበረች። ምላሷ ከጌሾዋ ይመርራል ይሏት ነበር፤ ጠላዋን ግን የሚጠላ አልነበረም። የምትኖረው ሟቹ ባሏ ዘለቀ በሠራላት የጭቃ ቤት ነው። እሱ ማገሩን ሲማግር፣ ጭቃውን በእግሯ ያቦካችው እሷ ናት። ኋላ ውኃ ሲገባላቸው ቱቦው በጓዳው ሥር ተቀብሮ ወደ ጓሮ ወጣ። ጌሾዋም የበቀለው እዚያው፣ ከጓዳው ግድግዳ ጀርባ ነበር።

አንድ ዓመት ጥር ገባ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ የሰፈሩ ጌሾ ሁሉ ቅጠሉ ወይቦ ረግፏል። የአንጓች ጌሾ ብቻ እንደ ነሐሴ ለምልሟል። እሷም መች ታፍራለች! «እጄ ነው» ትላለች ለገባ ለወጣው። «እኔ ድንጋይ ብተክልም ያፈራል።» በዚያ ዓመት ደግሞ የአስተርእዮ ማርያም ማኅበር ተረኛ ናት። ባሏ በሠራው ቤት ማኅበርተኛውን አብልታ አጠጥታ፣ ባል የሌላት ሴት ቤት እንዳልፈረሰ ልታሳይ ጓጉታለች።

ደብሪቱ አጥር ብቻ የሚለያት ጎረቤቷና አብሮ አደጓ ነበረች። አንድ ጠዋት ወንፊት ልትዋስ መጣችና ጌሾው ፊት ቆማ ቀረች።

«አንቺ አንጓች፣ ይሄ ጌሾ ከማን ጠጣ?»

«ከእጄ!»

«ዝናብ የለ። አንቺም አታጠጪው። የእኔው እንኳ ከአጥሩ ወዲያ ማገዶ ሆኗል።» ደብሪቱ ዓይኗን ከጌሾው ሥር አልነቀለችም። «ስሚኝማ፣ ያ ቱቦ በዚህ አይደል የሚያልፈው? ቧንቧሽን ሁሉ ዝጊና ቆጣሪውን እዪው። ተዘግቶም ከዞረ ውኃሽ ከመሬት ሥር እየሄደ ነው።»

አንጓች ከዚህ ሁሉ ልብ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደብሪቱ ጌሾውን ያን ያህል ስታየው አንዴም «እንትፍ እንትፍ» አላለችም። የሰው ለምለም ነገር አይቶ እንትፍ የማይል ሰው ዓይኑ አይታመንም፤ አገሩ የሚያውቀው ይህን ነው።

«በይ ዓይንሽን አንሺልኝ! የራስሽ ቢደርቅ የእኔን ልታደርቂው ነው?»

«እኔን ነው ቡዳ ያልሽኝ?»

«ስሙን የጠራሽው አንቺው ነሽ።»

ደብሪቱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ወንፊቱንም አልወሰደችም። «ደግ። ሁለተኛ አላይልሽም፤ ባይም አልነግርሽም።»

አንጓች ዕለቱን እሾሃም ቀጋ አስቆርጣ ጌሾውን ዙሪያውን አጠረችው፣ ዓይን እንዳይገባ። አልገባምም፤ የእሷም ዓይን ጭምር።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ራሱ ይነግራት ጀመር። የጓዳው ግድግዳ ከሥሩ ጠቆረ፤ «የጥር ብርድ ነው» አለች። ምርጊቱ ረገፈ፤ እበትና ጭቃ ለውሳ በገዛ እጇ ለቀለቀችው። ጉንዳን ከወለሉ ተነቅሎ ወደ ጣሪያ ሲጓዝ አመድ ነሰነሰችበት። ከጋኖቹ በኩል «ሽሽ» የሚል ድምፅ ስትሰማ ጭራሽ ደስ አላት፤ ጠላው እየፈላ ነዋ!

ጠላው ግን ፈልቶ አበቃ፤ ጠለለ። ድምፁ አላበቃም። ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጠፈች፤ ጋኑ ዝም። ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ «ሽሽ»። ቧንቧውን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ወደ ቆጣሪው ወጣች። ቆጣሪው ያለው ደጃፉ ላይ ነው፤ ደብሪቱ ደግሞ ከዚያ ማዶ እህል እያሰጣች ነበር። «አሁን ሳይ ብታየኝ፣ አመነችኝ ብላ ልትስቅብኝ?» አለችና አንጓች ከመንገድ ተመለሰች። «በዓሉ ይለፍና አየዋለሁ።»

በዓሉ ደረሰ። ቤቱ ሞላ። ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ቄሱ እንደ ወጉ ተነሥተው፣ «የተቀያየማችሁ ካላችሁ ታረቁ፤ ቂም ይዞ ጽዋ አይቀመስም» አሉ። አንጓች መሬት መሬት አየች። ማኅበርተኛዋ ደብሪቱም ከወዲያኛው ጥግ እንደዚያው። አንዷ አፏን ብትከፍት ምን ነበረበት! ቄሱም ጸሎታቸውን ጀመሩ።

ያን ጊዜ ነው ጓዳው ግው ብሎ የተናደው።

ሰው እየተጋፋ ወጣ። የተጎዳ የለም፤ ማርያም ጠበቀች። ግን ዘለቀ የማገረው ግድግዳ ከሥሩ ቀልጦ ጓሮው ላይ ተዘርግቷል፤ ጋኖቹ ተሰባብረው ጠላው ከጭቃው ጋር ይወርዳል፤ ጣሪያው እንደ ሰከረ ሰው ዘሟል። ወንዶቹ ቀጋውን ገፈው ቆፈሩ። የጌሾው ሥር ቱቦውን መጋጠሚያው ላይ እንደ ጥምጥም ጠምጥሞታል፤ ውኃው ከሥሩ መሐል ይፈልቃል።

አንጓች እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ከግድግዳው አንድ ጓል አንሥታ በመዳፏ ውስጥ ፈረከሰችው። ደብሪቱ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ሳልፍ ሳገድም አይቻለሁ» አለች ደብሪቱ፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «ቀጋው ሥር መሬቱ ረጥቦ አይቻለሁ። ደግማ ትሰድበኛለች ብዬ ዝም አልኩ።»

«ብትሰደቢስ? ስድብ ቤት ያፈርሳል?» አለች አንጓች። ከዚያ የፈረከሰችውን ጭቃ ከመዳፏ አራገፈችና፣ «እሱስ አፈረሰ። የእኔው ስድብ ነው ያፈረሰው» አለች።

ወዲያው የደብሪቱን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «ተነሺ! ይሄ ሁሉ ማኅበርተኛ ጌሾዬን ሲያደንቅልኝ ነው የከረመው። ያን ቀን ያልሽኝን፣ እኔ አልሰማም ያልኩትን፣ በፊታቸው ድገሚው! ለልጆቻቸው ይዘውት እንዲሄዱ ጮክ ብለሽ ድገሚው!»

ደብሪቱ ተነሣች፤ ዓይኗን ከዚያ ለምለም ጌሾ ላይ ሳትነቅል እንዲህ አለች፦ «ያለ ዝናብ የለመለመን፣ ከማን ጠጣህ በለው።»